ስክሪኑ ሞቷል ከመባሉ በፊት

ጥቅምትና ኅዳር በእኛ በአሪቻ የእሸት ቡና ወራት ናቸው። ቀዩ ፍሬ ተለቅሞ ማጠቢያ ጣቢያ ከገባና ሒሳቡ ከተከፈለ በኋላ በየቤቱ «በዚህ ገንዘብ ምን እንግዛ?» የሚል ምክር ይያዛል። ድሮ ቆርቆሮ ነበር። ቀጥሎ ቴሌቪዥን መጣ። አሁን ደግሞ ላፕቶፕ ሆኗል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ስለጀመረ፣ ወላጅ «ልጄ ቁልፉን ሳይለምድ እንዴት ይፈተናል?» ብሎ ይጨነቃል። ታላቅየው ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና እቤቱ ቁጭ ብሎ መከታተል ይፈልጋል። አዲስ ማሽን በቡና ገንዘብም የማይደፈር ስለሆነ ከዲላ ወይም ከአዲስ አበባ ያገለገለ ይገዛል።

ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ 10 ተጭኖባቸው ነው የሚመጡት። ማይክሮሶፍት ደግሞ ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ወደ ዊንዶውስ 11 እንለፍ ቢባል፣ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ማሽኖች መስፈርቱን አያሟሉም። ልጆቻችን ግን መላ አላጡም፤ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሥርዓት ይጭኑበታል። ኡቡንቱ ወይም ሚንት ሲሉ ከሰማችሁ እሱን ማለታቸው ነው። አሮጌው ማሽን ነፍስ ይዘራል፣ ቤቱም ደስ ይለዋል።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ይከፈትና ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ወይም ፊደሉ ሁሉ የግድግዳ ማስታወቂያ ያህል ገዝፎ ይመጣል። ወይም ቪዲዮው እየተቆራረጠ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ቤተሰቡ ይሰበሰባል፤ አንዱ «ስክሪኑ ሞቷል» ይላል። በዚህች አንዲት ቃል የተነሳ ጤነኛ ስክሪን ወልቆ በሌላ ሲተካ፣ ጤነኛ ላፕቶፕም በርካሽ ሲሸጥ አይቻለሁ። የእኛኑ ቤት ማሽን ያየ አንድ ጠጋኝ ገና ሳይከፍተው የአዲስ ስክሪን ዋጋ ነግሮን ነበር። ማሽኑ እስከ ዛሬ በዚያው በአሮጌው ስክሪኑ ይሠራል። ችግሩ የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር ነበር፤ ያስወጣንም የኢንተርኔት ጥቅል ብቻ ነው።

እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፤ በጡረታ ላይ ያለሁ ነርስ ነኝ። ይሁን እንጂ ይህ ሥራ የሚጠይቀው ጥንቃቄ ሙያዬ ካስተማረኝ ብዙም አይርቅም። ሕመሙ ሳይለይ መድኃኒት አይሰጥም። መድኃኒቱም ከየትም አይገዛም። የልጅ ልጄና የጎረቤት ልጆች ማሽኖቻቸውን ይዘው በረንዳዬ ላይ ሲሰበሰቡ የምጠይቃቸው ጥያቄ ድሮ ተመላላሽ ክፍል ተቀምጬ እጠይቀው የነበረው ነው። መቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት ምን ተደረገ?

ሊኑክስ የሚለው ስም እንግዳ ቢሆንባችሁ በእጃችሁ ያለውን አንድሮይድ ስልክ አስቡት፤ ውስጡ ሊኑክስ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአንዳንድ ትምህርት ቤቶቻችን ለሕፃናት የታደሉት አረንጓዴና ነጭ ትናንሽ ላፕቶፖችም የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር። ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የፊንላንድ ተማሪ ሥራውን ለዓለም ያስተዋወቀው በነሐሴ 1983 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ደርግ ወድቆ ገና ሦስተኛ ወራችንን ስንይዝ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጨምረውበታል። ለእያንዳንዱ የኮምፒውተር ክፍል ከሊኑክስ ጋር የሚያግባባው ነገር ያስፈልገዋል። ይኸው አግባቢ ነው ድራይቨር የሚባለው።

አንድ አዛውንት ጎረቤቴ «ድራይቨሩ የለም» ሲባል ሰምተው «ታዲያ ሹፌር ቅጠሩለታ!» ብለው አስቀውናል። ከሹፌር ይልቅ አስተርጓሚ ብንለው ይቀርባል። በሥራ ዘመኔ ከሌላ አካባቢ የተመደበ ሐኪም ሲመጣና ከገጠር የመጣችው እናት ጌዴኡፋ ብቻ ስትናገር፣ ሥራውን የሚያስኬደው መሀል የሚቆመው አስተርጓሚ ነበር። ሐኪሙ ጎበዝ ነው። እናቲቱም ሕመሟን አሳምራ ታውቃለች። አስተርጓሚ ከሌለ ግን ሁለቱ ተፋጠው ይቀራሉ። አስተርጓሚው ቋንቋውን በከፊል ብቻ የሚያውቅ ከሆነማ የባሰ ነው፤ «ወገቤን» ያለችው «ሆዴን» ሆኖ ይደርሳል። ግራፊክስ ካርድ ማለት በስክሪኑ ላይ የምናየውን ሥዕል የሚሥለው ክፍል ነው። ሊኑክስ ከካርዱ ጋር የሚነጋገረው በድራይቨሩ በኩል ነው። ድራይቨሩ ሲጠፋ ወይም የሌላ ካርድ ድራይቨር ሲገባ ካርዱም ስክሪኑም ጤነኛ ሆነው ሥዕሉ ይታመማል።

እንግዲህ መጀመሪያ የሚለየው ሕመሙ የድራይቨር ነው ወይስ የዕቃው የሚለው ነው። ለዚህ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። ላፕቶፑን ስትከፍቱ ከሁሉ በፊት የአምራቹ ዓርማ ይመጣል፤ ዴል ወይም ኤችፒ ወይም ሌኖቮ የሚለው ምልክት። ያን ጊዜ ሊኑክስ ገና አልተነሳም፤ የሊኑክስ ድራይቨርም ሥራ አልጀመረም። ስለዚህ መስመር፣ ነጠብጣብ ወይም ጥቁር ጥላ በዓርማው ላይ ጭምር ከታየ ጥፋቱን በድራይቨር ማላከክ አይቻልም። ዕቃው ነው የታመመው፤ ጠጋኝ ይየው። ዓርማው ጥርት ብሎ ታይቶ ጥፋቱ የሚመጣው ሊኑክስ ሲነሳ ከሆነ ግን ስክሪን ለመግዛት አትቸኩሉ።

ሁለተኛው ምርመራ በቴሌቪዥን ነው። ጎረቤት ያለውንም ቢሆን ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ተጠቅማችሁ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ አገናኙት። በቴሌቪዥኑ ላይ ሥዕሉ አምሮ በላፕቶፑ ላይ ብቻ ከተበላሸ፣ የላፕቶፑ ስክሪን ወይም ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ቀጭን ገመድ ይጠረጠራል። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ብልሽት ካለ ጥርጣሬው ወደ ካርዱ ወይም ወደ ድራይቨሩ ይዞራል።

ሦስተኛውና እኔ ከሁሉ የምወደው በፍላሽ መሞከር ነው። የኡቡንቱ ወይም የሚንት መጫኛ የተዘጋጀበት ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ካለ፣ ላፕቶፑ ሲነሳ ኤፍ 12ን፣ በኤችፒ ደግሞ ኤፍ 9ን ደጋግሞ በመጫን ከፍላሹ ማስነሳት ይቻላል። ሊኑክሱ ምንም ሳይጭን፣ የልጁንም ፋይል ሳይነካ ከፍላሹ ላይ ይሠራል። በፍላሹ ሥዕሉ ከተስተካከለ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ውስጡ የተጫነው ሥርዓት ነው ማለት ነው። ከፍላሹም ጥቁር ሆኖ እምቢ ካለ መጀመሪያ በሚመጣው ዝርዝር ላይ በኡቡንቱ «ሴፍ ግራፊክስ»፣ በሚንት ደግሞ «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚል መስመር አለ። ያን ስትመርጡ ሊኑክስ ካርዱን በቀላሉ፣ ያለ ልዩ ድራይቨር ያነሳዋል። ሥዕሉ ትልልቅና ሻካራ ይሆን ይሆናል፤ ግን ይታያል።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ወጣ ልበል። አንዲት እናት «የልጄ ኮምፒውተር ግራፊክሱ ተበላሽቶ አማርኛው ሁሉ ሣጥን ሣጥን ሆነ» ብላ መጥታ ነበር። ሌላው ሁሉ ጥርት ብሎ የእኛ ፊደል ብቻ ባዶ ሣጥን ከሆነ ካርዱን ተዉት፤ የጎደለው የፊደል ቅርጽ ወይም ፎንት ነው። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የሚባሉትን የግዕዝ ፎንቶች መጫን ይበቃል፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ።

ወደ ካርዱ እንመለስ። ካርዱ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ድራይቨር መፈለግ የደም ዓይነት ሳይለዩ ደም እንደመስጠት ነው። በኡቡንቱ «ሴቲንግስ» ውስጥ ገብታችሁ «ሲስተም»፣ ቀጥሎ «አባውት» የሚለውን ክፈቱ። «ግራፊክስ» በሚለው መስመር የካርዱ ስም ተጽፎ ታገኙታላችሁ። በሚንት ደግሞ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» የሚለው ቦታ ላይ አለ። ያን ስም በወረቀት ጻፉት። ሁለት ስም ከመጣ አትደንግጡ፤ አንዳንድ ላፕቶፕ ለቀላል ሥራ አንድ፣ ለከባድ ሥራ ሌላ ካርድ ይይዛል።

በዚያው መስመር ላይ አንድ የማስጠንቀቂያ ምልክት ሊገጥማችሁ ይችላል። በካርዱ ስም ፈንታ «ኤልኤልቪኤም ፓይፕ» የሚል እንግዳ ጽሑፍ ከቆመ ሊኑክስ ካርዱን አላገኘውም ማለት ነው። ሥዕሉን እየሣለ ያለው ዋናው ፕሮሰሰር ራሱ ነው። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ የሚጮኸው፣ ቪዲዮው የሚቆራረጠው፣ ባትሪውም ቶሎ የሚያልቀው ለዚህ ነው። አንድ ሰው ምግብ ማብሰሉንም፣ ውኃ መቅዳቱንም፣ ልጅ ማዘሉንም ብቻውን ሲይዝ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ለእኔ ይህ ምልክት እንደ ትኩሳት ነው፤ በሽታው ምን እንደሆነ አይነግርም፣ በሽታ መኖሩን ግን አይደብቅም።

የካርድ ሠሪዎቹ በዋናነት ሦስት ናቸው፤ ኢንቴል፣ ኤኤምዲና ኤንቪዲያ። በእኛ አካባቢ ባሉት ያገለገሉ የትምህርት ላፕቶፖች ላይ በብዛት የማየው ኢንቴልን ነው። ካርዳችሁ ኢንቴል ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ ድራይቨሩ ከሊኑክሱ ጋር አብሮ ይመጣል፣ አብሮ ይታደሳል። የትም ሄዳችሁ የምታወርዱት ነገር የለም። ኤኤምዲም እንዲሁ ነው፤ ኩባንያው ራሱ በድረ ገጹ የሚያስቀምጠው ጥቅል ቢኖርም ለቤት ሥራ አያስፈልግም። ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ሆኖ ያ የትኩሳት ምልክት ከታየ አንዱ የተለመደ ምክንያት ሊኑክሱ ሲጫን በዚያ በቀላሉ የማስነሻ መንገድ መጫኑና «ኖሞድሴት» የሚባለው ትዕዛዝ እዚያው ተረስቶ መቅረቱ ነው። ጫኙ ልጅ ያን ቃል ከማስነሻው ቅንብር ላይ እንዲያወጣው ንገሩት፤ ቃሉን ሲሰማ ይገባዋል። ሌላው ምክንያት ማሽኑ አዲስ ሆኖ ሊኑክሱ ያረጀ ሲሆን ነው፤ ያኔ ሥርዓቱን ማደስ ይፈታዋል።

ኤንቪዲያ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ኩባንያው የካርዱን ምሥጢር ለረጅም ዘመን ለሊኑክስ ሰዎች አልከፈተም ነበር። እነሱም ካርዱ እንዴት እንደሚሠራ ከውጭ እያጠኑ «ኑቮ» የሚባል ነፃ ድራይቨር ሠሩ። ኑቮ በፈረንሳይኛ አዲስ ማለት ነው። ጥሩ ሥራ ነው፤ ነገር ግን በብዙ ካርዶች ላይ ፍጥነት ይጎድለዋል። በሰኔ 2004 ዓ.ም. ቶርቫልድስ ራሱ በፊንላንድ አንድ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ሆኖ ኤንቪዲያን እዚህ ልጽፈው በማልደፍረው ቃል ወርፎታል። ኩባንያው የድራይቨሩን አንድ ክፍል የከፈተው በግንቦት 2014 ዓ.ም. ነው፤ እሱም በ2011 ዓ.ም. አካባቢ ብቅ ላሉትና ከዚያ ወዲህ ለተሠሩት ካርዶች ብቻ ያገለግላል።

ስለዚህ ኤንቪዲያ ያለበት ላፕቶፕ ሁለት አስተርጓሚ አለው። አንዱ አብሮ የሚመጣው ኑቮ ነው፤ ሌላው የኩባንያው የራሱ ድራይቨር ነው። የኩባንያው ደግሞ በቁጥር ይለያያል፤ ነገሩ የሚወሳሰበውም እዚህ ላይ ነው። ጂፎርስ 400 እና 500 የሚባሉት አሮጌ ካርዶች የ390 ድራይቨር ናቸው። አብዛኞቹ 600 እና 700 የሚባሉት የ470 ናቸው። ሁለቱንም ቁጥሮች ኩባንያው ማደስ አቁሟል። ለ900 እና ለ1000 ተከታታይ ካርዶች ደግሞ የመጨረሻው የድራይቨር ቁጥር 580 ነው። አዲስ የሆነ ሁሉ ይሻላል ብሎ ለአሮጌ ካርድ የቅርቡን ድራይቨር መጫን ጥቁር ስክሪን ያመጣል፤ አዲሱ አስተርጓሚ የሽማግሌውን አነጋገር አያውቀውማ! ደግሞ በላፕቶፕ ላይ ቁጥሩ ብቻውን አያስተማምንም። 900 ተብለው የተሸጡ፣ ውስጣቸው ግን የቀደመው ትውልድ የሆኑ አሉ። ከእኔም ከሻጩም ይልቅ ማሽኑ ራሱ የሚያወጣውን ዝርዝር እመኑ።

ያ ዝርዝር የሚገኘው እዚያው ውስጥ ነው። በሚንት «ድራይቨር ማኔጀር» ይባላል። በኡቡንቱ «ሶፍትዌር ኤንድ አፕዴትስ» ውስጥ ገብታችሁ «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለውን ክፍል ትከፍታላችሁ፤ ተጨማሪ ድራይቨሮች ማለት ነው። ማሽኑ ካርዱን ራሱ ይመረምርና የሚስማሙትን ይደረድራል። በሚንት ከአንዱ ጎን «ሪኮመንድድ» የሚል ቃል ታያላችሁ፤ የሚመከረው እሱ ነው። «ሰርቨር» የሚል ቃል የታከለበትን እለፉት፤ ለትልልቅ የመረጃ ማዕከላት የተዘጋጀ ነው። «ኦፕን» የሚለው ለአዲሶቹ ካርዶች ነው። የሚመከረውን መርጣችሁ ትጭናላችሁ፤ ሲጨርስ ማሽኑን አጥፍታችሁ ታስነሳላችሁ። ወደ ነበረበት መመለስ ከተፈለገም እዚያው ኑቮን መልሶ መምረጥ ነው።

ልጆች ብዙ ጊዜ ይህን ትተው ከኢንተርኔት «ምርጥ ድራይቨር» የሚል ፋይል ያወርዳሉ። ይህ ያናድደኛል። ከጉልት ላይ ክኒን እንደመግዛት ነው። የሥርዓቱ ማከማቻ ውስጥ ያለው ድራይቨር ከዚያው ከሊኑክሱ ጋር ተሞክሮ የተቀመጠ ነው፤ ሊኑክሱ ሲታደስ እሱም አብሮ ይታደሳል። ከኩባንያው ድረ ገጽ በቀጥታ ወርዶ በእጅ የተጫነው እውነተኛ ቢሆንም እንኳ፣ ሊኑክሱ ዋና ክፍሉን ወይም ከርነሉን ባደሰ ቁጥር ሊለያይና ጠዋት ላይ ጥቁር ስክሪን ሊያስቀምጥላችሁ ይችላል። ትናንት ማታ ደህና ሆኖ ተዘግቶ ዛሬ የታመመ ማሽን ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ትናንት አፕዴት ተደርጓል ወይ?» ብዬ ነው።

በኤንቪዲያ ጭነት ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ቦታ አለ፤ እዚህ ላይ በቀስታ አንብቡልኝ። ሴኪዩር ቡት የሚባለው ጥበቃ በበራበት ላፕቶፕ ላይ ድራይቨሩ ሲጫን የይለፍ ቃል አውጡ ይላችኋል። ብዙ ልጅ የሆነ ነገር ይጽፍና ይረሳዋል። ማሽኑ እንደገና ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና ማንኛውንም ቁልፍ ተጫኑ እያለ ከ10 ጀምሮ ወደ ታች ይቆጥራል። ሰው ደንግጦ ዝም ይላል፤ ቆጠራው ያልቅና ማሽኑ ያልፋል። ድራይቨሩ ተጭኗል፤ ግን ፈቃድ ስላላገኘ አይሠራም። ቤተሰቡም «አዲሱ ድራይቨር አበላሸው» ይላል። መደረግ ያለበት ቆጠራው ሳያልቅ ቁልፍ መጫን፣ «ኢንሮል ኤምኦኬ» የሚለውን መምረጥ፣ «ኮንቲኒው» ማለት፣ «የስ» ማለት፣ ከዚያም ያንኑ የይለፍ ቃል ማስገባትና ማስነሳት ነው። የይለፍ ቃሉ ለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስፈልግ ስለሆነ ቀላል አድርጋችሁ በወረቀት ጻፉት። ሰማያዊው ስክሪን የብልሽት ምልክት አይደለም። «ይህን አዲስ ሠራተኛ ታውቁታላችሁ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ዘበኛ ነው።

ስለ መብራት ሳልናገር ባልፍ አሪቻ መኖሬን የረሳሁ ይመስላል። ድራይቨር በሚጫንበት ወይም ሥርዓቱ በሚታደስበት መሀል መብራት ቢሄድና ባትሪው የሞተ ቢሆን ሥራው በግማሽ ይቀራል፤ ማሽኑም በሚቀጥለው ጊዜ ላይነሳ ይችላል። ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪው ደካማ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ግማሽ ባትሪ ሳይኖር፣ ወይም ዝናብና ነጎድጓድ ባለበት ሰዓት አታስጀምሩ። የኤንቪዲያ ድራይቨር በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ስለሆነ ጥቅላችሁንም ቀድማችሁ እዩት፤ የሌሊት ጥቅል ይረክሳል። ዋይፋይ ከሌለ አንድሮይድ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝታችሁ ኢንተርኔቱን ማጋራት ትችላላችሁ፤ ሊኑክስ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይቀበለዋል።

በሚንት ውስጥ «ታይምሺፍት» የሚባል ፕሮግራም አለ። ድራይቨር ከመቀየሩ በፊት የሥርዓቱን ሙሉ ቅጂ ያስቀምጣል፤ ነገሩ ከተበላሸ ወደዚያ ቀን ይመልሳችኋል። የልጁን ፎቶና የትምህርት ጽሑፍ ግን በተለመደው ሁኔታ አይገለብጥም፤ እሱን ለብቻው በፍላሽ ላይ አስቀምጡ።

መቼ ይታደስ ለሚለው የእኔ ምርጫ ይህ ነው። የደኅንነት ማደሻዎች በየጊዜው ይግቡ። ድራይቨሩ በደህና እየሠራ ከሆነ ግን ቁጥሩ ከፍ ስላለ ብቻ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ፈተና ባለበት ሳምንት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በሚረከብበት ዋዜማ፣ ልጁ ለሥራ ቃለ መጠይቅ በቪዲዮ በሚቀርብበት ቀን ምንም አይነካ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጽሑፉን ሊያስረክብ በነበረበት ሌሊት «አፕዴት ላድርግ» ብሎ ጠዋት በጥቁር ስክሪን ፊት ሲያለቅስ አጽናንቼዋለሁ። ጽሑፉ ውስጡ ነበረ፤ አልጠፋም። ግን ማን ያረጋጋው?

ለእንዲህ ያለው ጠዋት አንድ በር አለ። ላፕቶፑ ሲነሳ የአምራቹ ዓርማ እንዳለፈ ኢስኬፕ የሚለውን ቁልፍ፣ በአሮጌዎቹ ላይ ደግሞ ሺፍትን ተጫኑ፤ ዝርዝር ይመጣል። «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለውን ክፈቱና ከላይ ያለውን አዲሱን ከርነል ትታችሁ ከሥሩ ያለውን የቀድሞውን ምረጡ። ብዙ ጊዜ ማሽኑ በትናንትናው መልኩ ይነሳል። ተማሪውም የተነሳው እንዲሁ ነው፤ በሰዓቱ አስረክቧል። ድራይቨሩን ከዚያ በኋላ በቀን ብርሃን፣ በተረጋጋ መንፈስ እንደገና ጫነው።

ገና ላልገዛችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሻጩ የሚነግራችሁ የራሙንና የሃርድ ዲስኩን መጠን ነው፤ ስለ ግራፊክስ ካርዱ እናንተ ጠይቁ። ልጁ ለትምህርት፣ ለጽሑፍና ለኮዲንግ ብቻ ከፈለገው ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ብቻ ያለበት ይበቃዋል፤ ኤንቪዲያ ስላለበት ተጨማሪ ብር አትክፈሉ። የቪዲዮ ማቀናበር ወይም የሥነ ሕንፃ ሥዕል ለሚማር ግን ኤንቪዲያው ይጠቅመዋል፤ ያኔ ከ400 እስከ 700 ባሉት ቁጥሮች ላይ ገንዘባችሁን አታፍስሱ። ልጁ የሊኑክሱን ፍላሽ በኪሱ ይዞ ይሂድ። እዚያው ሱቅ ውስጥ ያስነሳው፣ ዓርማው ጥርት ብሎ መምጣቱን ይይ፣ «ግራፊክስ» የሚለውን መስመር ያንብብ፣ ላፕቶፑን ዘግቶ እንደገና ይክፈተውና ስክሪኑ መመለሱን ይሞክር። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሻጩ «ፍላሽ አይሰካም» ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ፤ ዲላ ውስጥ ሱቅ ሞልቷል።